ሬሳ የሌለበት ሣጥን

ከአዲስ ዓለም ወደ አምቦ ስንመጣ፣ ከኋላዬ የተቀመጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪና ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ እናት ወሬ ስለጣመኝ የስልኬን ማዳመጫ ከጆሮዬ ነቀልኩ።

«የግብፅ ፒራሚድ መቃብር ነው የሚሉት ውሸት ነው፣ እማማ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«መብራት ማመንጫ ነው የሚሉ አሉ።»

«እነሱም ጋ ይጠፋ ነበር?»

«ሃሃ! የዮሴፍ ጎተራ ነው የሚሉም አሉ። ብቻ መቃብር አይደለም።»

«በምን አወቅህ?»

«ሲከፈት ባዶ የድንጋይ ሣጥን ብቻ ነዋ የተገኘው! ሬሳ የሌለበት ምኑን መቃብር ሆነ?»

«እንደሱ ነው እንዴ?»

«በደንብ!»

«እኛም ልጃችንን ባሕር በላው ሲሉን ልብሱን በሣጥን አድርገን ቀበርን። አባቱ በሲሚንቶ አሠርቶ ፎቶውን ለጠፈበት። አሁንም ከዚያው መምጣቴ ነው።»

«ውይ እማማ… እኔ እኮ ስለ ፒራሚዱ ነው ያወራሁት።»

«ገብቶኛል።»

«እሱንም ቢሆን ሬሳውን ሌቦች ወስደውት ነው የሚሉ አሉ።»

«የኔን ልጅ ማን ይሰርቀዋል? ይልቅ ያን የመጀመሪያውን ድገምልኝ።»

«የቱን?»

«ሬሳ ከሌለበት ያልከውን።»

«…መቃብር አይደለም፣ እማማ።»

ማዳመጫዬን መልሼ ጆሮዬ ውስጥ ሰካሁት፤ ዘፈን ግን አልከፈትኩም።