ዩኒቨርሲቲው በር ላይ የገነፈለው ብርዝ

እስቲ ስሙኝ፣ ብርዝ ሊያስባርረኝ ነበር! ጅቡቲ ስማር ነው። ለተማሪዎች የባህል ቀን እኛ ኢትዮጵያውያን ብርዝ ልናቀርብ ተስማማን። ግቢ ውስጥ አልኮል ይዞ የተገኘ ይባረራል፤ ብርዝ ግን ማርና ውሃ ነው፣ ሕፃንም ይጠጣዋል። እኔው ደብረ ብርሃን እንደለመድኩት ቀደም ብዬ በጠበጥኩት። የጅቡቲን ሙቀት ማን አሰበው?

በሩ ላይ ዘበኛው ብርዙን የያዝንበትን ጀሪካን አይቶ በሶማሊኛ “ምንድን ነው?” አለ። ጓደኛዬ ፈርዶሳ የሐረር ልጅ ናት፣ ቋንቋውን ትችላለች። “ወላሂ፣ ማር በውሃ ነው” አለችው። እኔ ያኔ ገና የጀሪካኑን ሆድ አየሁት፤ ተነፍቷል፤ ብርዙ በሙቀቱ ፈልቶ ወደ ጠጅ ሄዷል። ዘበኛው ክዳኑን ሲያላላው ፍስስስ ብሎ አረፋው እጁ ላይ ገነፈለ። በኩባያ ቀዳና ለፈርዶሳ ዘረጋላት። “ማር ከሆነ ጠጪው።” ፈርዶሳ በዕድሜዋ መጠጥ ቀምሳ አታውቅም። ኩባያውን ይዛ ወደ እኔ ዞረች፤ “ማር ብቻ ነው አይደል?” አለችኝ በአማርኛ። ነው ብላት ትጠጣለች፤ አይደለም ብል መባረራችን ነው። ኩባያውን ከእጇ ነጥቄ አሸዋው ላይ ደፋሁት።

ዘበኛው አየኝ፣ አየኝና “ሌላ ሰው ሳያይ ይዛችሁ ሂዱ” አለን። ተረፍን ብዬ ልተነፍስ ስል ፈርዶሳ ክንዴን ያዘችኝ።

“እኔ እኮ ወላሂ ብዬ ምያለሁ።”