የአቶ ኤርጫፎ ወገብና የሐዊ ጠረጴዛ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ወዳለው የሙዝ ገበሬዎች ማኅበር ቢሮ የገባሁት ዝናብ አባሮኝ ነው። በሩን ስከፍት አንዲት ወጣት ከጠረጴዛዋ ኋላ ቆማ አየሁ። አስተዳደጓ ደስ አለኝና «በእግዜር፣ በእግዜር! ተቀመጪ ልጄ» አልኳት። አመስግናኝ እንደቆመች ቀረች። እሷ ቆማ እኔ መቀመጤ ነውር መሰለኝና እኔም ቆምኩ። እንዲህ ተፋጥጠን ሳለን ከወዲያ ጥግ ሳቅ ፈነዳ።

«መምህር፣ ለእርስዎ እኮ አይደለም የቆመችው!» አሉ የቢሮው ኃላፊ አቶ ኤርጫፎ፣ ከትልቁ ወንበራቸው ሳይነቃነቁ። «ጠረጴዛዋን ከፍ አድርጋ ቆማ ነው የምትሠራው። ከላንቴ ቀበሌ የሚመጡትን ሽማግሌዎችም እንዲሁ አቁማ አድክማቸዋለች።»

አፈርኩ። እሳቸው ግን ወደ ልጅቷ ዞረው ተቆጡ።

«ሐዊ፣ ሰው የሚማረው ለመቀመጥ ነው። አባቴ ጫኖ ቀበሌ ማሳ ላይ ጎብጦ ያስተማረኝ እኔ እንዳልጎብጥ ነው። አንቺ ዲግሪ ይዘሽ እንደ ባለጉዳይ ትቆሚያለሽ?»

«ሁልጊዜ አልቆምም፣ ጋሼ።» እጀታውን ስታዞረው ጠረጴዛው ዝቅ አለና ተቀመጠች። «ሲደክመኝ እቀመጣለሁ፣ ስደነዝዝ እነሣለሁ። ቀኑን ሙሉ መቆምም ይጎዳል፤ ወገብ የሚወደው መቀያየር ነው። እርስዎ ግን ጠዋት ከተቀመጡ እስከ ምሳ አይነሡም።»

«ወገቤን ያመመኝ ብርድ ነው!»

«አርባ ምንጭ ላይ ብርድ፣ ጋሼ?»

ሳቄን በመሐረብ ሸፈንኩ። ሐዊ ግን አልሳቀችም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መምህር ሲገቡ አልተነሡላቸውም። በሚቀጥለው ወር ለአይዳ ሽማግሌ ይመጣል። ለነሱስ?»

አይዳ የአቶ ኤርጫፎ አንድያ ልጅ ናት። ሽማግሌ ገብቶ አባት ካልተነሣ ንቀት ነው፤ ጋብቻው ሊፈርስ ይችላል። አቶ ኤርጫፎ ይህ ሲነገራቸው ደማቸው ፈላ።

«እነሣለሁ እንጂ! እነሆ!»

ወንበሩን ተደግፈው ብድግ ሲሉ ግማሽ ላይ ቀሩ። ወንበሩ ተንሸራቶ ግድግዳ መታ። እሳቸው ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይሉ እንደ ሙዝ ጎብጠው ቆሙ። ደግፈን ስናቀናቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ልክ አባቴን መሰልኩ» አሉ ቀስ ብለው። «ከማሳ ያመለጠ ወገቤን ወንበር አጎበጠው።»

ሐዊ የሙዝ ሣጥን አምጥታ ጠረጴዛቸው ላይ ደፋችና ኮምፒውተራቸውን በላዩ አስቀመጠችው። አናጢው የእሳቸውን ከፍ ዝቅ የሚል ጠረጴዛ እስኪሠራ በዚያ ሠሩ።

ሽማግሌዎቹ በሚመጡበት ቀን ተጋብዤ ሄድኩ። አቶ ኤርጫፎን ቀጥ ብለው አገኘኋቸው።

«መምህር፣ ቆሜ ተቀምጬ እየሠራሁ፣ ማታ ማታ ኩልፎ ወንዝ ዳር በእግሬ እየሄድኩ ሕመሙ ቀለለኝ። እንቅልፍ ተመለሰልኝ፣ ቢሮ ውስጥም ቁጣዬ በርዷል። ወንበር የሚሾመኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አስሮኝ ኖሯል!»

በዚህ መሐል ሽማግሌዎቹ ገቡ። አቶ ኤርጫፎ «ኖር!» ብለው እንደ ወጣት ብድግ አሉ። ሽማግሌዎቹ «በእግዜር» ብለው ተቀመጡ። አቶ ኤርጫፎ ግን መቆሙ ለወገባቸው ስለተመቸ አልተቀመጡም። ሽማግሌዎቹ ተያዩና አንድ በአንድ ተነሡ። «ኧረ ተቀመጡ!» ቢሏቸው፣ «እርስዎ ቆመው?» እያሉ እምቢ አሉ። ጥያቄው በቁም ቀረበ፤ የዘር ቆጠራው በቁም ተካሄደ። እኔም ግድግዳ ተደገፍኩ።

በመጨረሻ የሁሉ ታላቅ የሆኑት ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ለመኑ፦

«አቶ ኤርጫፎ፣ እንዲህ ያለ አክብሮት አይተን አናውቅም። በሉ እባክዎ ልጅዎን ይስጡንና እንቀመጥ!»