ጭስ መውጫ የሌለው ማድ ቤት

ከአዋሽ ወደ መልካ ወረር ከኋላ ተጨናንቄ በተሳፈርኩባት ላንድሮቨር ውስጥ የጥጥ እርሻ ጸሐፊ የሆነ ሰው አዋሽ ላይ ስለሚያሠራው ቤት አጠገቡ ለተቀመጡት ሴትዮ ያወራል።

«ማድ ቤቱን እንደ ፈረንጁ አለቃዬ ከመኝታ ቤቱ ጋር አያያዝኩት፣ እትዬ።»

«የፈረንጁ ሚስት በምን ታበስላለች?»

«በቡታጋዝ።»

«ያንተዋስ?»

«በእንጨት።»

«ጭሱ በየት ይወጣል?»

«ቆርቆሮው ከተበሳ ዝናብ ያስገባል ብዬ ተውኩት።»

«ያ ረቢ! አዋሽ ተቀምጦ ዝናብ ይፈራል! ሚስትህ አይታዋለች?»

«ገና ቅዳሜ ነው የምትመጣው። የደጋው ብርድ አስሟን እየቀሰቀሰ አስቸገራት።»

«ከብርድ አውጥተህ በጭስ ልትገድላት ነዋ!»

«ፈረንጁ እኮ መሐንዲስ ነው።»

«እንግዲያው እሱ መጥቶ ያብስልልህ!»

ሰውየው የሾፌሩን ትከሻ ነካ አድርጎ፣ «ሾፌር፣ አውርደኝ፤ አናጢው ሳይሄድብኝ ልመለስ» አለ።

እሱ በለቀቀው ቦታ ተቀመጥኩና መስኮቱን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት።