የማዕረግ እንጥል

ገንዳ ውሃ መናኸሪያ የኮኪት ሚኒባስ እስኪሞላ ስጠብቅ የጥንት ጎረቤቴን አያ ባየልኝን አገኘኋቸው። የስምንት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ማዕረግ ክንዳቸው ላይ ተደግፋለች፤ ከስታለች። እኔ በእሷ ዕድሜ አንድ ኩንታል ሰሊጥ ተሸክሜ ሱዳን ደርሼ እመለስ ነበር።

«እህል እምቢ አለች፣ ዋሴ» አሉኝ። «ከደረቅ የማሽላ ቂጣ ከኪስራና ከወተት በቀር አትነካም። ኮኪት ወስጄ እንጥሏን በምላጭ ላስቆርጥላት ነው።»

«ያስቆርጡላት» አልኩ። ባላውቅም አዋቂ መሆን ልማዴ ነው።

ከኋላችን የተቀመጠችው የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ምስራቅ ቀና አለች። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ወጥ ሲቀርብላት ምን ትሆናለች?»

«ሽታው ገና ሲመጣ ያቅለሸልሻታል። ባለቤቴ አፍንጫዋን ይዛ ስታጎርሳት ትተፋዋለች። ቅብጠት ነው እንጂ ቤታችን ምን ጠፍቶ።»

«ቅብጠት ቢሆን ሲርባት ይለቃት ነበር። ኪሎዋስ?»

«የአምናው ቀሚሷ ዘንድሮ ሰፋት። ትምህርት ቤትም ሁለት ጊዜ አዙሯት ወድቃለች።»

«ይኸ ህመም ነው፣ አባባ። አንዳንዱ ልጅ የምግቡን ሽታ ወይም ልስላሴ አይችልም። አንዳንዱ አንድ ቀን አንቆት ከሆነ ዳግም መዋጥ ይፈራል። ረሃብ ጭራሽ የማይሰማውም አለ። እንጥሏ ቢቆረጥ ትደማለች፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ፍርሃቱም ይብስባታል።»

«ድሮ እንዲህ ያለ በሽታ የት ነበር? ዋሴ፣ አንተ ተናገር እንጂ።»

ልናገር አፌን ስከፍት ስንሻው ትዝ አለኝ። በወጣትነቴ ሽንፋ ወርደን ሰሊጥ ስናጭድ፣ ያኔ ሰሊጡ ከግመል ይረዝም ነበር፤ ከአጨዳ መልስ ሃያ ሆነን አንድ ሳፋ ገንፎ በዝልግልግ የባሚያ ወጥ ከበን ስንበላ ሳቃችን ድንበር ማዶ ገላባት ድረስ ይሰማ ነበር። የደጋው ልጅ ስንሻው ደረቅ ኪስራውን ይዞ ዳር ይቀመጣል። አንድ ቀን ተጫወትንበት። እኔ እጁን ያዝኩ፣ ሌሎቹ ባሚያውን አጎረሱት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ለሳቅ አውርቼዋለሁ፤ አሁንም ለሽማግሌው አወራሁላቸው።

«ከዚያስ?» አሉ ሳይስቁ።

«ከዚያ ወዲያ ከእኛ ጋር አልበላም። ኪስራውንም ተወው። አጨዳው ሳያልቅ ደግፈን ጭነት መኪና ላይ አወጣነው። የት እንደደረሰ አላውቅም።»

ምንም አልጨመርኩበትም። አያ ባየልኝ ማጋነኔን ያውቁታልና ፊቴን ትክ ብለው አዩት። ሚኒባሱ ሞልቶ ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ።

«ይሂድ» አሉ። «ታዲያ ምን ላድርግ፣ ልጄ?»

«ዛሬውኑ ትመዘን፣ ደሟም ይመርመር፤ ካስፈለገ ጎንደር እንልካታለን። ቤት ውስጥ አታስገድዷት፣ አትቆጧት። ኪስራዋን ሳትከለክሉ አጠገቡ ትንሽ ሌላ ነገር አስቀምጡላት። ነካችውም አልነካችውም ዝም በሏት።»

በስድስተኛው ወር ቤታቸው ሄድኩ። ማዕረግ ሁለት ኪሎ ጨምራለች፤ መናኸሪያ ላይ አስር ብዬ ነው የማወራው። አዙሯት መውደቁ ቀርቷል። ድንችና እንቁላል ለምዳለች፤ ወጡ ገና ነው፣ ማንም አያጣድፋትም። ህመሙን በጊዜ መለየት ልጅን ከምላጭ ያድነዋል፣ ያሳድገዋል፣ ከማዕድም አያሸሸውም።

ምሳ ላይ ከኪስራዋ ቆርሳ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች።

«ይፈልጋሉ?» አለችኝ።

ስንሻውን እንዲህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም።