በሁዳዴ ጾም ከምሰሶ ስለ ወረደው ማሲንቆ

ቃሉ የተሰጠበት፦ አንኮበር፣ በዳኛው ችሎት ፊት፣ መጋቢት ፲፰ ቀን ፲፰፻፸፰ ዓ.ም.፣ ዘመነ ማርቆስ
የምስክሩ ስም፦ ዘርአ ዳዊት ወልደጻድቅ
ዕድሜ፦ ሰባ አምስት ያህል (ምስክሩ ግን «ሚስት የምታገኝልኝ ከሆነ ስድሳ ብለህ ጻፍ» ብሏል)
አገር፦ ደብረ ብርሃን፣ ከበሬሳ ወንዝ ማዶ
ሥራ፦ በግ አርቢና ባና ሠሪ
ከሳሽ፦ መሪጌታ ወልደአረጋይ
ተከሳሽ፦ አዝማሪ ታመነ

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው ምስክር «ንጉሥ ይሙት» ብዬ ከማልሁ በኋላ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ዳኛው «ሳታበዛ፣ ሳታላግጥ ተናገር» ብለውኛል። አላበዛም፤ ስለ ማላገጡ ግን አልማልሁም።

የቀረብሁት ታመነ «በሁዳዴ ጾም ማሲንቆ መታ» ተብሎ በተከሰሰበት ጉዳይ ነው። ቢፈረድበት ካባቱ የወረሰው ማሲንቆ በአደባባይ ይቃጠላል፤ እሱም ሚስትና ልጆቹን ይዞ ከደብረ ብርሃን ይወጣል። መሪጌታ በክሳቸው «በመንገድ ሳልፍ ከጠላ ቤት የማሲንቆ ድምፅ ሰማሁ» ብለዋል። እኔ የምመሰክረው መሪጌታ አለማለፋቸውን ነው። የሚያልፍ ሰው ጫማውን አውልቆ መደብ ላይ አይወጣም፤ «ይህቺ ጠላ ቀጥናለች» ብሎም አያስለውጥም።

ነገሩ የሆነው ባለፈው እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ከወይዘሮ ሸዋወርቅ ጠላ ቤት ነው። እኔ፣ መሪጌታ፣ ኃይለ ገብርኤል የሚባል ወታደርና ባለቤቲቱ ሸዋወርቅ ስንጫወት፣ ታመነ ጥግ ይዞ ተቀምጦ ነበር። ከዜማ ሁሉ ማን ይበልጣል የሚል ክርክር ተነሣ። ያነሣው ወታደሩ ነው። «እምቢልታ ነዋ! እምቢልታ ሲነፋ በቅሎዬ እንኳ ጆሮዋን ታቆማለች» አለ።

ሸዋወርቅም «በቅሎህ ዋንጫህን ትቅዳልህ። ለኔ ሙሾን የሚያህል የለም። አልታየች የምትባለዋ አልቃሽ አፏን ስትከፍት ሟቹን የማያውቀው መንገደኛ ሁሉ ደረቱን ይደቃል» አለች።

መሪጌታ እጃቸውን አወናጨፉና «በገና ባለበት አገር ይህ ሁሉ ወሬ ነው። የመንዙ ገብረአብ ሲደረድር ሰማይ ዝቅ ይላል» አሉ።

እኔም «ገብረአብን ሰምቼዋለሁ፤ የኔታ። ሰማዩን እንጃ፣ የኔ ሽፋሽፍት ግን ዝቅ ብሏል። ለኔስ የታመነ ማሲንቆ ይበልጣል» አልኋቸው።

«አንተ ሽማግሌ! ማሲንቆ እግር ያስነሣል እንጂ ዐይን አያስለቅስም!»

«ታመነ እርስዎንም ያስለቅስዎታል።»

«እኔን? እንኳን በጾም በፋሲካም አያስለቅሰኝም!»

የአዝማሪ ወግ እንዲህ ነው። ሁዳዴ ሲገባ የደጋኑን ጭራ አላልቶ ማሲንቆውን ይሰቅላል፤ እስከ ትንሣኤ አይነካውም። የታመነም ማሲንቆ ከሸዋወርቅ ምሰሶ ላይ ከቅበላ ጀምሮ ተሰቅሎ ነበር። ታመነ «የኔታ፣ ጾም ነው፤ አያስደፍሩኝ» ብሎ ለመነ። መሪጌታ «ፈራህ!» አሉት። ታመነ እንደምታዩት አጭር ሰው ነው፤ ምሰሶው ደግሞ ረጅም ነው። ማሲንቆውን ያወረዱት ቁመተ ሎጋው መሪጌታ ናቸው፤ ያውም ሳይንጠራሩ። ጸሐፊው ይህን ጐላ አድርጎ እንዲጽፍ ጠይቄአለሁ።

ሌላም ወግ አለ። ከሰሚው አንዱ ግጥም አውጥቶ «ተቀበል» ካለ፣ አዝማሪው ያንኑ ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። እምቢ አይልም፤ ግጥሙም የሰጪው ነው። መሪጌታ ጥቂት አቀርቅረው ቈዩ። አምና ያረፈች ይመኙሻል የምትባል ታናሽ እኅት ነበረቻቸው። ከዚያ ቀና ሳይሉ «ተቀበል» ብለው ስለ እንዝርቷ አንድ ግጥም ሰጡ። ታመነ የሚያስጨፍር ምት አልመታም፤ በገና እንደሚደረደር አድርጎ በዝግታ መለሰላቸው። ወታደሩ ዋንጫውን አስቀመጠ። መሪጌታ ጢማቸው እስኪርስ አለቀሱ።

ዜማው እስኪያልቅ እኔም አልሣቅሁም። ሲያልቅ ግን አላስቻለኝም፤ «የኔታ፣ ጭሱ ነው?» አልኋቸው። ሳይሰናበቱን ወጡ፤ በማግስቱ ታመነን ከሰሱ። ያሾፍሁባቸው እኔ፣ የተከሰሰው እሱ! በቀልዴ ከሆነ ይኸው አለሁ፤ እኔን ይክሰሱኝ። ዳኛው «ከጉዳዩ አትውጣ» ብለውኛል። ጉዳዩ ይኸው ነው ብዬ መልሻለሁ።

ወታደሩ ከጌታው ጋር ዘምቷል። ሸዋወርቅም «ነገሩ የሆነው ከቤቷ ነውና አትመሰክርም» ተብላለች። የቀረሁት እኔ ነኝ። መሪጌታም ይህን ስላወቁ «ግጥም አልሰጠሁም፤ አዝማሪው ከራሱ አውጥቶ ያለው ነው» ይላሉ።

የደብረ ብርሃኑ ዳኛ እንደ አገሩ ሥርዓት የከሳሽንና የተከሳሽን ነጠላ ጫፍና ጫፉን አስቋጥረው ወደ አንኮበር ሰደዷቸው፤ እኔም ከኋላ ከኋላቸው ተከተልሁ። አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ይቀመጣል፤ አንዱ ቁጥቋጦ ሲፈልግ ሌላው ፊቱን አዙሮ ይቆማል። «ሙሽሮች፣ ሚዜ አያሻችሁም?» ብያቸዋለሁ። ከአንኮበር አፋፍ ስንደርስ ጉም ወረደ። ታመነን አዳለጠውና መሪጌታ በነጠላው ስበው አቆሙት። ጥቂት እንደ ሄድን፣ ጉሙ ጋርዶኝ የሌለሁ መስሏቸው፣ «እሑድ ዕለት ‹ደጄ› የምትለዋን አሳጠርሃት፤ ለጠጥ አድርጋት እንጂ» ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ታመነም «እሺ የኔታ» ብሏል። ግጥሙ የሳቸው ካልሆነ ማጠሩ ምን አንገበገባቸው?

ዳኛው «ጆሮህ አርጅቷል፤ መሪጌታም ይክዳሉ። ሌላ ማስረጃ አለህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ግጥሙን በችሎቱ ፊት ልበል ብዬ አስፈቀድሁና እንዲህ አልሁ፦

እንዝርትሽ ከመደብ፥ ፈትል እንዳዘለ፤
እኅት ዓለም የት ነሽ፥ ብርዱ ደጄ መጣ።

መሪጌታ ከተቀመጡበት ዘለው ተነሡ፤ የታሰረው ታመነም ሳይወድ አብሮ ተነሣ። «ምን? ‹መጣ›? ቤቱን አፈረስኸው እኮ፣ አንተ የተረገምህ ሽማግሌ! የኔ ግጥም መቼ እንዲህ ያነክሳል?» ብለው ጮኹ። እኔም «ያረጀ ጆሮ ነው፤ የኔታ። ያቃኑልኝ» አልሁ። እሳቸውም ጣታቸውን ወደ ጸሐፊው ቀስረው፣ «አንተም አስተካክለህ ጻፍ!» ብለው በገዛ አፋቸው እንዲህ አሉ፦

እንዝርትሽ ከመደብ፥ ፈትል እንዳዘለ፤
እኅት ዓለም የት ነሽ፥ ብርዱ ደጄ ዋለ።

መሪጌታ ያሉት ነገር የገባቸው ካሉት በኋላ ነው። ታመነ ግን ግጥም ሲሰጠው መቀበል ነው የለመደው፤ ማሲንቆው ከዳኛው እግር ሥር ተጋድሞ እያለ በባዶ ጉሮሮው ተቀበለ። ‹ደጄ›ንም ለጠጥ አደረጋት። መሪጌታ ዐይናቸውን ሊጠርጉ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሲስቡ፣ ቋጠሮው አልተፈታም ነበርና የታመነም ነጠላ አብሮ ተነሣ። ይህንም ጻፍ ብዬ አጽፌአለሁ።

ግጥሙን ያበላሸሁት አውቄ ነው፤ ከዚያች ከአንዲቷ ቃል በቀር በቃሌ ውስጥ ውሸት የለም፤ እሷንም ባለቤቱ አቅንቷታል። ማሲንቆው ይቃጠል የሚል ፍርድ ካለ፣ ከምሰሶው ያወረደችው እጅ ትቅደም፤ ቀጥሎ የሰማው ጆሮዬ ይሂድ። አላፈርሁም፤ ትንሣኤም ሲደርስ ከዚያው ቤት፣ ከዚያው መደብ እገኛለሁ። ቃሌ ተነቦልኝ የተናገርሁት መሆኑን አረጋግጫለሁ። ጸሐፊው ሲያነብልኝ ከግጥሙ ላይ ሲደርስ ሳል ያዘው፤ እኔም «አይዞህ ልጄ፣ ጭሱ ነው» ብየዋለሁ። በችሎቱ ግን እሳት አልነደደም።

የምስክሩ ምልክት፦ ✚ (ዘርአ ዳዊት ወልደጻድቅ፣ መጻፍ ስለማይችል)
ቃሉን የጻፈ፦ ገብረ ሕይወት፣ የችሎቱ ጸሐፊ