ሬስሊንግ ያስተላለፍኩ ዕለት

ወላሂ፣ ብምልላችሁም አታምኑኝም። ከገጠራችን ከዋሂል ለገበያ ወደ ከተማ ወርጄ፣ ታይዋን ከሚሉት ገበያ አጠገብ ካለው ቪዲዮ ቤት ገባሁ። ሬስሊንግ ይታያል፤ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ግን ጠፍቷል። አፈኛነቴን የሚያውቀው ባለቤቱ «ና እስቲ፣ አንተ አስተላልፍልን» ብሎ ፊት አቆመኝ። እኔ ደግሞ ለወሬ መች እሰስታለሁ፤ «አንገቱ ተቀነጠሰ፣ ጉበቱ መሬት ላይ ተዘረገፈ፣ እናቱ ደጅ ቆማ ታለቅሳለች» እያልኩ ለቀቅሁት።

ድንገት ግመል የሚያክል የቀፊራ ገበያ ኩሊ ተነስቶ ወደ እኔ መጣ። የሚወደውን ታጋይ ገደልኩበት ብዬ ወደ በሩ አፈገፈግኩ። ኮሌታዬን ሲጨብጠኝማ አለቀልኝ ብዬ ሸሃዳዬን ያዝኩ። ሰውዬው ላብ በላብ ሆኖ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለና፣ «ዋርያ፣ ስማ አንተ፣ ሬስሊንግ ውሸት መሆኑን አውቃለሁ፤ ያስፈራኝ ያንተ አፍ ነው። በል እስኪያልቅ እጄን ይዘህ ቀጥል» አለኝ።