አስማተኛዋ ሥራ ያዘች

ከምዕራብ ዓባያ ወደ አርባ ምንጭ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከፊቴ ሁለት ወጣቶች ተቀምጠው የጃፓን አኒሜ ያማሉ፤ ከጎናቸው ሙዝ ያስጫኑ እናት አሉ።

«ሲዝን ሁለትን አየኸው?»

«ባላየሁት ይሻለኝ ነበር። አበላሿት!»

«ምን አደረጓት?»

«ያቺ በዱላዋ ጋኔን የምታቃጥል ልጅ አስማቷን ትታ ቢሮ ገባች።»

«ቢሮ ምን ልትሠራ?»

«ማህተም ልትመታ! እስከ መጨረሻው ክፍል ማህተም ስትመታ አየኋት።»

«ኧረ በናትህ! ክንፏስ?»

«ምን ክንፍ አላት፣ ባጅ አንጠልጥላለች።»

ሴትዮዋ ዞር አሉ። «የማን ልጅ ናት?»

«የፊልም ናት፣ እማማ። ካርቱን።»

«ይሁና። ሥራውን በዘመድ ነው ያገኘችው?»

«ኧረ ምንም ዘመድ የላትም።»

«እጅ መንሻስ?»

«አልሰጠችም።»

«ከተመረቀች በኋላ ስንት ዓመት ቤት ተቀመጠች?»

«ምንም። በነጋታው ጠሯት።»

«ታዲያ አስማቱን መቼ ተወችው?»

እኔ የዲግሪዬን ኮፒ የያዝኩበትን ፌስታል ከጭኔ ላይ አንስቼ ከመቀመጫው ሥር ወሸቅኩት።